ዕድሜ ልክ የሚታሰር ሰዓት

 

ሰሞኑን አንድ ወንድም በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከልኝ። ሥራ ከያዘ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከደመወዙ እየቆጠበ ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሟል። እንዲህ ይላል፦ «ኡስታዝ፣ በየዓመቱ የማይረባ ሰዓት እየገዛሁ መጣል ሰለቸኝ። አንድ ጠንካራና ጥሩ ሰዓት ገዝቼ ዕድሜ ልኬን ላስረው አስቤያለሁ። አራት ወር ሙሉ ሳወዳድር ነው የከረምኩት። ጓደኛዬ ግን ‹ይሄ ኢስራፍ ነው፤ ሰዓት ያው ሰዓት ነው› አለኝ። የማናችን ሐሳብ ነው ትክክል?»

መጀመሪያ «ሐላል ነው፣ ግዛ» ብዬ በአንድ መስመር ልመልስለት ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ ግን ዓይኔ ግራ እጄ ላይ አረፈ። እዚያ ያለችው ሰዓት የአባቴ ናት፤ አላህ ይዘንለት። የዚህችን ሰዓት ነገር ሳልነግረው ብመልስለት ግማሽ መልስ እንደሰጠሁት ይሆናል። ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፈው። እህቴ፣ «ይሄ የወንዶች ጉዳይ ነው» ብለሽ አትለፊው፤ ወደ መጨረሻው አንቺንም ይመለከታል።

በመጀመሪያ ለጠያቂው ወንድሜ ሐቁን ልስጠው። በየዓመቱ አንድ ሰዓት የሚገዛ ሰው በአሥር ዓመት አሥር ሰዓት ይገዛል። ማሰሪያው ይበጠሳል፣ ውሃ ይገባዋል፣ ይቆማል፣ መሳቢያ ውስጥ ይጣላል። እያንዳንዱ ሲታይ ርካሽ ነው፤ ተደምሮ ሲታይ ግን ብክነት ነው። ኢስራፍ ማለት ውድ ዕቃ መግዛት ብቻ አይደለም፤ ያለ ጥቅም ማባከንም ኢስራፍ ነው። አንድ ጊዜ አስቦ፣ ጥሩውን መርጦ፣ ተጠንቅቆ ይዞ ለዓመታት መጠቀም ከዲናችን ጋር የሚጣላ ነገር አይደለም።

ጌጥን መውደድም በራሱ ኩራት አይደለም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሰው ልብሱና ጫማው ያማረ እንዲሆን ቢወድ ኩራት ይሆንበት እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተጠይቀው ነበር። የመልሳቸው መልእክት አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ፣ ኩራት ማለት ግን እውነትን አልቀበልም ማለትና ሰዎችን መናቅ እንደሆነ ነው። ስለዚህ የኩራት መለኪያው የዕቃው ዋጋ አይደለም። የአምስት መቶ ብር ሰዓት አስሮ ሰውን የሚንቅ አለ፤ ውድ ሰዓት አስሮ ከጫማ ጠራጊው ጋር ጎን ለጎን የሚሰግድ አለ።

አሁን ደግሞ ለጓደኛው ሐቁን ልስጠው። «ጥሩ» እና «ውድ» አንድ አይደሉም። ካሲዮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ኤፍ 91 ደብሊው የሚባል የፕላስቲክ ሰዓት አለ። እስከ ዛሬ ይመረታል፣ በርካሽ ይሸጣል፣ አንድ ባትሪ ሰባት ዓመት ገደማ ያገለግለዋል። ሌላው ኩባንያ ሲኮ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ትክክለኛ ሰዓት ማወቅ የሀብታም ነገር መሆኑ ቀርቷል። በአብዛኞቹ የዛሬ የኳርትዝ ሰዓቶች ውስጥ ያለችው ትንሽ የኳርትዝ ቁራጭ በባትሪ ኃይል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። በሞላና በጥርስ የሚሠራው ውድ ሰዓት ግን በቀን የተወሰኑ ሰከንዶች ይቀድማል ወይም ይዘገያል። እንግዲህ ወንድሜ፣ «ለሶላት ሰዓት ብዬ ነው» የምትል ከሆነ ርካሹ ከውዱ በተሻለ ያገለግልሃል። ለራስህ እውነቱን ንገረው።

ጓደኛህ ያልነገረህን ሌላ ነገር ልጨምር። አራት ወር ሙሉ ሰዓት ስታወዳድር ከርመሃል። ማታ ማታ ስንት ቪዲዮ አየህ? ሰዓቱ ገና አልተገዛም፣ ጊዜህን ግን ከወዲሁ በልቷል። ነፍስ ብልጥ ናት። «ብዙ እፈልጋለሁ» ስትል እንደምታፍር ስታውቅ «አንድ ብቻ እፈልጋለሁ፣ ግን ምርጡን» ብላ ትመጣለች። ያንኑ ስስት የቀናዓ ልብስ ታለብሰዋለች።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን ጥለት ባለው ልብስ ሰገዱ። ሶላታቸውን ሲጨርሱ ልብሱን ለሰጣቸው ለአቡ ጀህም እንዲመለስለትና በምትኩ ጥለት የሌለው ወፍራም ልብሱን እንዲያመጡላቸው አዘዙ፤ ጥለቱ በሶላት ውስጥ ሐሳባቸውን ሳበው። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልብሱ ሐራም አልነበረም። ችግሩ ልብን መሳቡ ነበር። እሳቸው ልባቸውን እንዲህ ከጠበቁ፣ እኔና አንተ በሱጁድ ውስጥ እጃችን ላይ የምናየው ነገር እንዴት አያሳስበን?

እስከዚህ ድረስ ያልኩትን ማንኛውም ኡስታዝ ሊነግራችሁ ይችላል። ቀጥሎ ያለውን ግን ከራሴ ጥፋት የተማርኩት ነው።

አባቴ ደሴ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ሰዓቷን ወንድሙ ከጅዳ አምጥቶለት ነው። ሲኮ ፋይቭ ናት። ባትሪ የላትም፤ የሚሞላት የእጅ እንቅስቃሴ ነው። እጅህን ስታወዛውዝ ውስጥ ያለው ክብደት ይዞራል፣ ሞላውን ይጠመጥማል፣ ሞላው እየተፈታ ቆጣሪዎቹን ያዞራል። ከእጅህ ካወለቅካት 40 ሰዓት ገደማ ሄዳ ትቆማለች። አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ አስሯታል። ጨርቅ ሲለካ፣ ለዉዱእ እጅጌውን ሲሰበስብ፣ እኔን ቁርኣን ሲያስቀራኝ እጁ ላይ ነበረች።

ማክሰኞ ሌሊት ሞተ። ረቡዕ ጠዋት ጀናዛው ሲታጠብ አጠገቡ ነበርኩ። አጣቢው መጀመሪያ ያወለቀው ሰዓቷን ነው። እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ትሄድ ነበር። ያጠመጠማት እጅ ቆሟል፣ እሷ ግን በሰጣት እንቅስቃሴ እየሄደች ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኳት። ጁሙዓ ጠዋት ስከፍተው ቆማለች። ሐዲሱ ትዝ አለኝ፦ ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፣ ሦስት ነገር ሲቀር፤ የማይቋረጥ ሶደቃ፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ። ደጉ ልጅ እኔ መሆን ነበረብኝ።

ሰዓቷን አሰርኳት። ማንንም አልጠየቅኩም። ወንድ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ፤ የአባት ሰዓት የወንድ ልጅ ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም አላሰብኩም፣ ዝም ብዬ አደረግኩት። ሰው ሁሉ «ማሻአላህ፣ የአባቱን አደራ ያዘ» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ስምንት ወር አለፈ። አንድ ምሽት ለተማሪዎች የውርስ ትምህርት እያስተማርኩ ነው። «ሟች የተወው ነገር ሁሉ ውርስ ነው» አልኩ፤ «ቤትም ይሁን፣ ፍየልም ይሁን፣ መርፌም ይሁን። ዕዳና ኑዛዜ ከተፈጸመ በኋላ የወራሾች ሁሉ ነው።» ሰሌዳው ላይ ምሳሌ ጻፍኩ፦ ሚስት፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ ሁለት ሴት ልጆች። ለሚስት ስምንተኛ። የቀረው ለልጆች፣ ለወንዱ የሁለት ሴት ያህል። ውርሱን 32 ቦታ ብንከፍለው ለእናት 4፣ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 7፣ ለወንዱ 14። ቁጥሩን እየጻፍኩ ሳለ እጅጌዬ ወደ ኋላ ተሰበሰበና ሰዓቷ ታየችኝ።

ምሳሌው የኛው ቤት ነበር። እጄ ላይ ካለችው ሰዓት የኔ የሆነው ከግማሽ በታች ነው። የቀረው የእናቴና የእህቶቼ ነው። ስምንት ወር ሙሉ የሰው ሐቅ አስሬ አሰግድ ነበር። በዚያው ሐቅ ላይ ስለ ሰው ሐቅ ኹጥባ አድርጌበታለሁ።

በማግሥቱ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወስጄ አስገመትኳት። 6,400 ብር አለኝ። ከዚያ እናቴ ቤት ሁላችንንም ሰበሰብኩ። ሰዓቷን አውልቄ መሐል ላይ አስቀመጥኩና ድርሻቸውን ነገርኳቸው። እናቴ 800 ብር፣ እህቶቼ እያንዳንዳቸው 1,400 ብር። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች። «እኔ ትቼልሃለሁ» አለች። ታላቅ እህቴም «ሐላል ይሁንልህ፣ ወንድሜ» አለች።

ታናሿ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ ድርሻዬን እፈልጋለሁ» አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቅር አለኝ። በልቤ «ለ1,400 ብር ብላ?» አልኩ። ፊቴ ላይ አይታው መሰለኝ። «ገንዘቡ አይደለም፣ ወንድም ጋሼ። እኔም ልጁ ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ እጅህ ላይ እያየኋት ‹አንድ ቀን ይጠይቀኛል› ብዬ ስጠብቅ ነበር» አለችኝ።

ከፈልኳት። ያን ቀን ነው ሰዓቷ የኔ የሆነችው። ከዚያ በፊት እጄ ላይ ነበረች እንጂ የኔ አልነበረችም።

ወንድሜ፣ አሁን ወደ ጥያቄህ እመለሳለሁ። «ዕድሜ ልክ» ያልከው ቃል ነው ሰዓቱን ከመምረጥ በላይ መታሰብ ያለበት። የማን ዕድሜ ልክ? ሰዓቱ ጠንካራ ከሆነ አንተ ከእሱ ቀድመህ ትሄዳለህ። አጣቢህ ያወልቀዋል፣ ከፈንህ ውስጥ አይገባም፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሌሎች ነው። ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው የስዊስ ሰዓት ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በማስታወቂያው የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሰዓቱ የአንተ አይደለም፣ ለሚቀጥለው ትውልድ ትጠብቀዋለህ እንጂ። እነሱ ይህን የሚሉት እጅግ ውድ ዕቃ ለመሸጥ ነው። ሙስሊም ግን ይህን ከማንም በፊት ያውቀዋል፦ እጃችን ላይ ያለው ሁሉ አማና ነው። ልዩነቱ ማስታወቂያው ስለ ሒሳቡ ዝም ማለቱ ነው። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ሰው በቂያማ ቀን ስለ ዕድሜው በምን እንዳሳለፈው፣ ስለ ገንዘቡም ከየት እንዳመጣውና በምን እንዳወጣው ይጠየቃል። ሰዓት ሁለቱንም ጥያቄ አንድ ላይ እጅህ ላይ ያስርልሃል።

ሰው ዕድሜ ልኩን የለበሰው ዕቃ ካነሳን፣ የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ቀለበት እናስታውስ። ለነገሥታት ደብዳቤ ሊጽፉ ሲያስቡ ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ እንደማይቀበሉ ተነገራቸው። ያኔ ከብር ቀለበት አሠሩና የማኅተሙን ጽሑፍ አስቀረጹበት። በሙስሊም ዘገባ ፈርጡ ሐበሺ እንደነበር ተነግሯል። ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ የተሠራ ነበር። ከእሳቸው በኋላ አቡ በክር አደረጉት፣ ከዚያ ዑመር፣ ከዚያ ዑስማን፤ አላህ ሁሉንም ይውደድላቸው። አንድ ቀን ዑስማን በአሪስ ጉድጓድ አፍ ተቀምጠው ሳለ ቀለበቱ ከእጃቸው ወደ ውሃው ወደቀ። ሦስት ቀን ፈለጉት፣ ውሃውን ሁሉ አወጡት፣ አላገኙትም።

ከፍጡር ሁሉ በላጩ ያደረገው ቀለበት እንኳ በዱንያ አልቆየም። የታተመባቸው ደብዳቤዎች የያዙት ጥሪ ግን እኔና አንተ ዘንድ ደርሷል። ዕቃው ጠፋ፣ የተሠራበት ዓላማ ቀረ።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። ግዛ፣ ግን በሥርዓቱ ግዛ።

ከመግዛትህ በፊት ገንዘቡን ጠይቀው። ያልከፈልከው ዕዳ አለብህ? ዘካ ወጥቶለታል? እናትህ መድኃኒት አጥታ ዝም ብላ ይሆን? ዕዳ ያለበት ሰው ብድሩን ሳይመልስ ውድ ሰዓት ቢያስር፣ የሚያስረው የአበዳሪውን ገንዘብ ነው።

ስትመርጥ የሚያገለግልህን ምረጥ። ወንድ ከሆንክ ወርቅ አይፈቀድልህም። ውሃ የሚችል፣ መስታወቱ ቶሎ የማይጫር፣ ከሁሉ በላይ አንተ ባለህበት ከተማ ያለ ሰዓት ሠሪ ከፍቶ ሊጠግነው የሚችለው ይሁን። የሚጠግነው የሌለ ዕቃ ዕድሜ ልክ አይቆይም። የታዋቂ ብራንድ ስም የተለጠፈበትን ኮፒ ግን ተወው። ያልተሰጠውን እንደተሰጠው አድርጎ የሚታይ ሰው ሁለት የውሸት ልብስ እንደለበሰ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ሰዓት እጅህ ላይ በእውነት ያድራል።

ከገዛህ በኋላ በሩን ዝጋ። ማወዳደሩ ይብቃ። «አንድ ለዕድሜ ልክ» ያልከው እውነት ከነበረ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ሲወጣ ይታወቃል። ቀናዓ የሚፈተነው ያን ቀን ነው።

ደግሞም ኑዛዜህን ጻፍ። ሊናዘዝበት የሚገባ ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መክረዋል። የአንተ ምን እንደሆነ፣ የሰው አደራ የትኛው እንደሆነ፣ ለማን ዕዳ እንዳለብህ ጻፈው። ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር ለአንዱ ወራሽ ብቻ መናዘዝ እንደማይቻልም እወቅ። በሕይወትህ ለልጆችህ ስትሰጥ ደግሞ በመካከላቸው ፍትሐዊ ሁን። «ሰዓቱ የወንድ ልጄ፣ ያው የታወቀ ነው» ብለህ አትሙት።

እህቴ፣ ያልኩሽ እዚህ ላይ ነው። በውርስ ያለሽ ሐቅ አላህ የወሰነልሽ ነው፤ የወንድምሽ ችሮታ አይደለም። መተው መብትሽ ነው፣ መጠየቅም መብትሽ ነው። «ለትንሽ ነገር ብላ» ለሚል ሰው አትፈሪ። ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ እስክትጠይቅህ አትጠብቅ። ዛሬ እጅህ ላይ፣ ቤትህ ውስጥ፣ ኪስህ ውስጥ ያለውን ተመልከት። ሳትጠይቅ «የኔ ነው» ያልከው የማን ነው?

በዐረብኛ የእጅ ሰዓትም «ሳዓ» ነው፣ ጊዜም «ሳዓ» ነው፣ ቂያማም «አስ-ሳዓ» ነው። አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ሰዓቲቱ መቼ እንደሆነች ሲጠይቃቸው፣ እሳቸው ለእሷ ምን እንዳዘጋጀ መልሰው ጠየቁት። እኛ ሁላችን እጃችንን አይተን «ስንት ሰዓት ሆነ?» እንላለን። ሊጠየቅ የሚገባው ግን ያኛው ነው።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሰዓት ያለህም የሌለህም ቀደም ብለህ ወደ መስጊድ ሂድ። ከመሄድህ በፊት ግን አንድ ስልክ ደውል፤ ሐቋ አንተ ዘንድ ላለ እህትህ፣ ዕዳ ላለብህ ጓደኛህ፣ ወይም ዝም ላለች እናትህ።

አላህ ዕድሜያችንን ይባርክልን። የሰው ሐቅ እጃችን ላይ ታስሮ ከምንገናኘው ይጠብቀን። ለሞቱት ወላጆቻችን ይዘንላቸው፤ ሥራቸው እንዳይቋረጥ ደግ ልጆች ያድርገን። በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ የአላህ ሰላትና ሰላም ይስፈን። አሚን።